ይኩኖ አምላክን ማን አነገሠው?

ባለፈው ኅዳር 26 ቀን ሲሪንቃ ነበርሁ። ዕለቱ የአቡነ ኢየሱስ ሞዐ በዓለ ዕረፍት ነው። ማሽላው ከፊሉ ታጭዶ ከፊሉ ገና እንደ ቆመ ነው። ጾመ ነቢያት ስለ ገባ የዝክሩ ማዕድ ሽሮ፣ ንፍሮና ጠላ ብቻ ነበር። ከመርሳም ከወልድያም የመጡ ዘመዶች ቤቱን ሞልተውታል። ጠላው አንድ ሁለት ጊዜ እንደ ዞረ ጨዋታው ከማሽላ ዋጋ ተነሥቶ፣ በየት በኩል እንደ ሆነ እንጃ፣ ሰባት መቶ ኀምሳ ዓመት ወደ ኋላ ሄደና ሁለት ሽማግሌዎች ተያያዙ።

አንደኛው በልጅነታቸው አኩፋዳ ይዘው ሐይቅ እስጢፋኖስ የተማሩ መሪጌታ ናቸው። ሁለተኛው ሸዋ ብዙ ዘመን ኖረው የተመለሱ፣ ደብረ ሊባኖስን ሳይሳለሙ ዓመት የማያልፋቸው የቤቱ ባለቤት አጎት ናቸው።

«ይኩኖ አምላክን ያነገሠው የኛው ኢየሱስ ሞዐ ነው» አሉ መሪጌታ።

«ምን ማለትዎ ነው መሪጌታ! ተክለ ሃይማኖት እያለ?»

የተክለ ሃይማኖት ቀን ኅዳር 24 ያለፈው ገና ከትናንት ወዲያ ስለ ነበር ሁለቱም ጻድቃን ትኩስ ነበሩ ማለት ነው። ክርክሩ ጦፈ። ሴቶቹ ሳቁ። በመጨረሻ መሪጌታ ወደ እኔ ዞር አሉና «አንተ አዲስ አበባ ተቀምጠህ መጽሐፍ ስታገላብጥ የምትውለው፣ እስቲ ፍረደና» አሉኝ። እኔም የከተማ ሰው ነኝና «ሁለቱም ረድተውታል መሰለኝ» ብዬ አመለጥሁ። ሁለቱም ሽማግሌዎች እኩል ተቀየሙኝ። ልክ ናቸው። እንዲህ ያለ መልስ የሚሰጥ ሰው ወይ አላነበበም ወይ ፈርቷል።

አዲስ አበባ ተመልሼ ገድላቱን እንደገና ያነበብሁት በዚያ ቅያሜ ምክንያት ነው። ያነበብሁትም እንደ ምእመንም እንደ ታሪክ ተመራማሪም ሆኜ ሳይሆን፣ እንደ አንድ የሥነ ጽሑፍ አንባቢ ነው። ከዚህ በታች የማነሣቸው የጥንት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይያዝልኝ።

ነገሩን የምናውቀውን ያህል እናስቀምጠው። ይኩኖ አምላክ የዛጉዌን ሥርወ መንግሥት ጥሎ የነገሠው በ1270 ነው፤ እስከ 1285 ገዝቷል። በዚያን ጊዜ ከሲሪንቃ በመርሳ፣ በውርጌሳና በውጫሌ አልፎ በሚደረስበት በሐይቅ ላይ፣ ያኔ ደሴት በነበረችው ቦታ፣ ኢየሱስ ሞዐ የሚባል መነኩሴ ተማሪ ሰብስቦ ያስተምር ነበር። ሰውየው ከደብረ ዳሞ የመጣ፣ የአባ ዮሐኒ ደቀ መዝሙር ነው። ሐይቅ የገባው በ1248 ገደማ ሲሆን ያረፈው በ1293 ነው ይባላል። አርባ አምስት ዓመት ያህል አንድ ቦታ ተቀምጦ ማስተማር ቀላል አይደለም። የሰሜኑ ምንኵስና ወደ አማራና ወደ ሸዋ የተሻገረው በእሱ ጉባኤ በኩል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ተክለ ሃይማኖትም ከተማሪዎቹ አንዱ ነበር።

ኢየሱስ ሞዐ በሕይወት እያለ የተጻፈ አንድ መጽሐፍ ዛሬም ድረስ አለ። በ1280/81 ለሐይቅ እስጢፋኖስ የሰጠው ወንጌል ነው። የራሱም ሥዕል አለበት። በዚያ ወንጌል ውስጥ የምናየው ኢየሱስ ሞዐ መጽሐፍ አስጽፎ ለገዳሙ የሚሰጥ አበምኔት ነው። ንጉሥ ፈጣሪው ኢየሱስ ሞዐ የሚገኘው ሌላ ቦታ ነው፤ በገድሉ ውስጥ።

ገድሉ ደግሞ የተጻፈው ሰውየው ካረፈ ከሁለት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ይኼን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ስታኒስላስ ኩር የሚባል ሊቅ በ1965 ካሳተመው ወዲህ የታሪክ ሰዎች ብዙ ተነጋግረውበታል። ከሁሉ አብልጠው የመረመሩት ደግሞ ፕሮፌሰር ታደሰ ታምራት ናቸው። በ1970 ስለ ሐይቅ አበምኔቶች በጻፉት ጥናትና በ1972 ኦክስፎርድ ባሳተሙት ስለ ቤተ ክርስቲያንና ስለ መንግሥት በሚናገረው ትልቅ መጽሐፋቸው፣ ለአዲሱ ንጉሥ ድጋፍ የሰጠው የሐይቁ ገዳም መሆኑ እንደሚያመዝን፣ ታሪኩ ወደ ተክለ ሃይማኖት የተላለፈው ኋላ መሆኑን አሳይተዋል። ምክንያቱም ቀላል ነው። በ1270 ደብረ አስቦ፣ የዛሬው ደብረ ሊባኖስ፣ ገና አልተመሠረተም። ተክለ ሃይማኖት እዚያ የገባው ከዐሥራ አራት ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ገና ገዳም ያልነበረው መነኩሴ ምን ይዞ ዙፋን ይሰጣል?

እንግዲህ በታሪክ ሚዛን መሪጌታ ረትተዋል ማለት ነው። እኔ ግን እዚህ ላይ ማቆም አልቻልሁም፤ የሚበልጠው ጥያቄ ገና መጣ። ሁለት ገዳማት አንድን ንጉሥ «እኔ አነገሥሁት» ብለው የሚሟገቱት ለምንድን ነው?

ገድሎቹን ጎን ለጎን ላነበበ ሰው መልሱ ቅርብ ነው። በሐይቁ ትረካ ይኩኖ አምላክ በልጅነቱ ገዳሙ ውስጥ ያደገ ልጅ ነው። መነኩሴው ይጸልይለታል፤ መንግሥት ይመጣለታል። ነገር ግን ጸሎቱ በባዶ አይደለም። ቃል ኪዳን አለ። ንጉሡ ለገዳሙ ይሰጣል፤ የሐይቅ አበምኔትም ዐቃቤ ሰዓት እየተባለ በቤተ መንግሥት ታላቅ ባለሥልጣን ይሆናል። በሌላው ትረካ፣ በተለይ «ብዕለ ነገሥት» በሚባለው ጽሑፍና በኋለኞቹ የደብረ ሊባኖስ ቅጂዎች፣ ተክለ ሃይማኖት ያሸማግላል፤ መንግሥት ከዛጉዌ ወደ ሰሎሞን ዘር ይመለሳል፤ ለቤተ ክርስቲያንም ሲሶ ይሰጣል። ሕዝቡ ደግሞ ከዚህ ሁሉ ይልቅ የዶሮዋን ተረት ይወዳል፤ ራሴን የበላ ይነግሣል ብላ የጮኸችውን፣ ራሷንም ይኩኖ አምላክ የበላውን። በበኩሌ ከሦስቱ ሐቀኛዋ ዶሮዋ ትመስለኛለች፤ ርስት አልጠየቀችም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እነዚህ የገድል ምዕራፎች የዕዳ ደብተሮች ናቸው። የተጻፉት ንጉሡን ላነገሠው ሰው ሳይሆን፣ ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ ዙፋን ላይ ለተቀመጠው የልጅ ልጅ ልጅ ነው። «አባትህ ከኛ ተበድሮ ነበር» ይሉታል። አንባቢ ስድብ አድርጎ እንዳይወስድብኝ። ደብተር መያዝ ነውር አይደለም። አንድ ንጉሥ ሞቶ ሌላ ሲነሣ ርስቱ እንዳይነቀል ገዳሙ ምን ይዞ ይሟገት? ወታደር የለው። ያለው ብራናና ቀለም ነው። ነገር ግን የዕዳ ደብተር እንደ ሥነ ጽሑፍ ሲነበብ ጉድለቱ ወዲያው ይታያል። ተበዳሪው ፊት የለውም። በሐይቁ ገድል ውስጥ ይኩኖ አምላክን ፈልጉት፤ አታገኙትም። ይመጣል፣ ይባረካል፣ ቃል ይገባል፣ ይሄዳል። መፍራቱን አናውቅም፤ መመኘቱን አናውቅም፤ ማንን ገድሎ እንደ መጣ አናውቅም።

ገድሎ መምጣቱን ግን ሌላ ትውፊት ይነግረናል። የመጨረሻው የዛጉዌ ንጉሥ ይትባረክ ጋይንት በሚገኘው ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተጠልሎ ሳለ እዚያው ተገደለ የሚል ትውፊት አለ። እዚህ ላይ ነው መጽሐፉን አጥፌ በመስኮት ያየሁት። በ1170 በእንግሊዝ አገር አራት የንጉሥ ሄንሪ ባላባቶች ሊቀ ጳጳሱን ቶማስ ቤኬትን በገዛ ካቴድራሉ ውስጥ ገደሉት። እንግሊዞች ያንን አንድ ግድያ ስምንት መቶ ዓመት ሲያላምጡት ኖረዋል። ቲ. ኤስ. ኤልየት በ1935 ተውኔት ጻፈበት፤ ፈረንሳዊው ዣን አኑዊ በ1959 ሌላ ጻፈበት። እኛ ዘንድ ደግሞ ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ቄስ ሳይሆን ንጉሥ ተገደለ። ገዳዩም ቃል ኪዳን የተቀበለው ሰው ነው። የሐይቁ መነኩሴ ይኼን ሲሰማ ምን አለ? ተማሪዬ ያለው ልጅ እጁን በደም ታጥቦ ሲመጣ በሩን ከፈተለት? ይኼን የሚጠይቅ ምዕራፍ ቢኖር ገድሉ ከታላላቅ መጻሕፍት ተራ ይሰለፍ ነበር። የዕዳ ደብተር ግን ይኼን አይጠይቅም። ተበዳሪን ማስቆጣት ለአበዳሪ አይበጅም።

የደብረ ሊባኖሱ ገድለ ተክለ ሃይማኖት በሥነ ጽሑፍ ረገድ ይሻላል፤ ይኼን ለመሪጌታ ስነግራቸው ምን እንደሚሉኝ እንጃ። የሚሻለው ግን በይኩኖ አምላክ አይደለም፤ በሞተለሚ ነው። ሞተለሚ የዳሞት ንጉሥ ነው። የተክለ ሃይማኖትን እናት እግዚእ ኀረያን ማርኮ ሊያገባት ይነሣል፤ ሚካኤል ነጥቆ ያወጣታል። ኋላ ልጇ ያው ንጉሥ ፊት ይቆማል። ይኼ ንጉሥ ሥጋና ደም አለው። ይመኛል፣ ይቆጣል፣ ይሸነፋል። ደራሲው ከእሱ የሚፈልገው ርስት ስለሌለ ሊስለው አልፈራም። ወዳጅ ንጉሥ ጥላ ሆኖ ሲቀር ጠላት ንጉሥ ሰው ሆኖ ይወጣል። ደግሞስ በዚሁ ገድል ውስጥ ያለውን የቆብ ነገር ማን ሳይደነቅ ያልፈዋል? ተክለ ሃይማኖት በሐይቅ የኢየሱስ ሞዐ ተማሪ ነበር፤ ይኼን መካድ አይቻልም። ስለዚህ ወደ ደብረ ዳሞ ሄዶ ቆብና አስኬማ ተቀብሎ ይመለሳል፤ ተመልሶም ለመምህሩ ለኢየሱስ ሞዐ ይሰጠዋል። እንዲህ ሆኖ ተማሪው የመምህሩ አባት ይሆናል። የሲሪንቃውን ክርክር ገድሎቹ ራሳቸው ቀድመው ተከራክረውታል ማለት ነው።

ለምን የደብረ ሊባኖሱ ትረካ አሸነፈ ቢባል፣ ተቋሙ ስላሸነፈ ነው። በኢማም አሕመድ ጦርነት ሁለቱም ተመቱ። ደብረ ሊባኖስ በ1531 ተቃጠለ፤ የኢማሙ ሠራዊት ወደ ሐይቅም ደርሶ ደሴቱን በታንኳ ከበበ። ከዚያ በኋላ ግን የደብረ ሊባኖሱ እጨጌ የመነኮሳት ሁሉ አለቃ ሆኖ ከቤተ መንግሥቱ ጋር ጎንደር ገባ። የሐይቁ ዐቃቤ ሰዓት እየደበዘዘ ሄደ። ሐይቅ በመጽሐፍ ስትቀር ሌላው በአደባባይ ቆመ። የዕዳው ደብተር በመጨረሻ የተዘጋው በእኛው ዘመን ነው። ተበዳሪው ሥርወ መንግሥት መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ወረደ፤ የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት የሆነበት አዋጅ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ወጣ። ስድስት ወር በማይሞላ ጊዜ ውስጥ አበዳሪም ተበዳሪም ከውሉ ወጡ። ውሉ ብቻ ቀረ። ዛሬ ሲሪንቃ ላይ ለጠላ ማጣጫ የሚሆነው ያ ውል ነው።

ይሁንና የመካከለኛው ዘመን ቤተ ክርስቲያን ከንጉሥ ጋር የነበራት ነገር ይኼ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይኼን ጽሑፍ አልጽፍም ነበር።

ከይኩኖ አምላክ በኋላ ሠላሳ ዓመት ቆጥረን ወደ ልጅ ልጁ ወደ ዐምደ ጽዮን እንምጣ። ከ1314 እስከ 1344 የገዛው ታላቁ ጦረኛ ነው። ስለ እሱ በግእዝ የተጻፈ ዜና መዋዕል አለን፤ በኢፋቱ ገዥ በሰብረዲን ላይ ያደረገውን ዘመቻ ይተርካል። በዚያ መጽሐፍ ንጉሡ ታሞ አልጋ ላይ ሳለ ጠላት ሰፈሩን ይከበዋል፤ ሰዎቹ ይሸሻሉ፤ እሱ ከአልጋው ተነሥቶ ብቻውን ይዋጋል። ይጸልያልም። ግሩም ትረካ ነው። ጨርሳችሁ ስታስቀምጡት ሰውየውን ትወዱታላችሁ።

ከዚያ ገድለ ፊልጶስን ታነሣላችሁ። ወይም ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ በ1905 ያሳተማቸውን የበጸሎተ ሚካኤልንና የአኖሬዎስን ገድሎች። ያው ንጉሥ፣ ያው ዘመን። እዚህ ግን ንጉሡ የአባቱን ሚስት አግብቷል፤ ከአንድ በላይ ሚስት ይዟል፤ መነኮሳቱ መጥተው ፊት ለፊት ይነግሩታል፤ እሱም ያስገርፋቸዋል፣ ያግዛቸዋል። በዜና መዋዕሉ ውስጥ መነኮሳቱ የሉም። በገድሎቹ ውስጥ የኢፋት ጦርነት ለመነኮሳቱ ቁም ነገር አይደለም። ሁለት ደራሲዎች አንድን ሰው አይተው፣ አንዱ ክንዱን ሌላው ጓዳውን ጻፈ። ንጉሡን ሙሉ አድርጎ ማየት የሚፈልግ ሁለቱንም ማንበብ አለበት። የሚያሳዝነው በትምህርት ቤት ዜና መዋዕሉን እየጠቀሱ ያስተማሩን መምህራን ሁለተኛውን መጽሐፍ አንድም ቀን አላነሡልንም።

ፊልጶስ የተክለ ሃይማኖት ሁለተኛ ወራሽ ነው፤ በመካከል ኤልሳዕ ለጥቂት ጊዜ ነበር። ደብረ አስቦ ያኔ ገና ድኻ ገዳም ነች። የምታጣው ርስት ስለሌላት ይሆን እንዲህ የደፈረችው? ይኼ የእኔ ጥርጣሬ ነው። ርስት ያላቸው የሐይቅ አበምኔቶች በቤተ መንግሥት ዐቃቤ ሰዓት ሆነው በተቀመጡበት ዘመን፣ ጅራፉን የበሉት ርስት ያልነበራቸው ናቸው። የሐይቅ ሰዎች እንዳይቀየሙኝ፤ እኔም ከዚያው አካባቢ ነኝ።

ለንጉሡም ጠበቃ እንቁምለት፤ ገድሎቹ አልቆሙለትምና። የዚያ ዘመን ንጉሥ ጋብቻ የምኞት ነገር ብቻ አልነበረም። ሚስት ማለት አገር ማለት ነው። ባላባቱ ልጁን ሲሰጥ ግብሩንና ጦሩን ይሰጣል። በቤተ መንግሥቱ የቀኝ በአልቴሐት፣ የግራ በአልቴሐት እየተባለ ማዕረግ የነበረው በከንቱ አይደለም። መነኮሳቱ «አንዷን ያዝ፣ ሌሎቹን ስደድ» ሲሉት የሚሰማው «ግማሹን መንግሥትህን ልቀቅ» ሲሉት ነው። እነሱ ደግሞ የሚናገሩት ስለ ሕግ ነው፤ ድኻውን የሚይዝ ሕግ ንጉሡን ካልያዘው ሕግ አይደለም ባዮች ናቸው። ሁለቱም የየራሳቸው እውነት አላቸው። ለተውኔት የሚሆን ነገር ማለት ይኼ አይደለምን?

በአውሮፓ ከዚህ ጥል ጋር የሚመሳሰለው በ1077 የሆነው ነው። ሮማዊው ጳጳስ ጎርጎርዮስ ሰባተኛ ጳጳሳትን ማን ይሹም በሚለው ጠብ ንጉሥ ሃይንሪኽ አራተኛን አወገዘው። ንጉሡም በክረምት ካኖሳ ድረስ ሄዶ በበረዶ ላይ በባዶ እግሩ ሦስት ቀን ደጅ ጠና ይባላል። እርግጥ ነው፣ በኋላ ቂሙን ተወጥቷል፤ ጎርጎርዮስ በ1085 የሞተው ከሮም ተሰዶ ነው። ቢሆንም ሃይንሪኽ ደጅ የጠናው መኳንንቱ ውግዘቱን ይዘው ሊነሡበት ስለነበር፣ የጳጳሱም ቃል ከአገር አገር ስለሚሰማ ነው። ፊልጶስ ከኋላው ማን አለ? የእኛ ጳጳስ የሚመጣው ከግብፅ ነው፤ ፓትርያርኩም በእስላም ሱልጣኖች እጅ ሥር ነው። ይኩኖ አምላክ ራሱ ጳጳስ ለማስመጣት በ1270ዎቹ ለሱልጣን ቤይባርስ መጻፍ ነበረበት። ጳጳሱ አንድ ነው፣ እንግዳ ነው፣ ቋንቋውን አያውቅም፣ የሚኖረው በንጉሡ ቸርነት ነው። ከ1959 በፊት የራሳችን ፓትርያርክ አልነበረንም። ስለዚህ በአውሮፓ የጳጳስና የንጉሥ ጠብ የሆነው፣ እኛ ዘንድ የንጉሥና የመነኩሴ ጠብ ሆነ። መነኩሴው ደግሞ ከመቋሚያው በስተቀር የሚደገፍበት የለውም።

አንድ ጊዜ ብቻ ጳጳስና መነኩሴ ገጠሙ። በ1330ዎቹ መጨረሻ ገደማ አቡነ ያዕቆብ የሚባል ጳጳስ ከግብፅ መጣ። እንደ ቀደሙት ዝም ብሎ ቅስና እየሰጠ መኖር አልፈለገም። ፊልጶስን አከበረው፤ የሸዋን አገር ለስብከት ከፋፍሎ ለዐሥራ ሁለት ንቡራነ እድ ሰጠ። ዐምደ ጽዮን ሞቶ ልጁ ሰይፈ አርዕድ በ1344 ሲነግሥ አንዲት ሚስት ብቻ ሊይዝ ቃል ገባ። ቃሉ ብዙ አልቆየም። ሲያፈርስ ጳጳሱና መነኩሴው አንድ ላይ ተነሡበት። ንጉሡም ጳጳሱን ወደ ግብፅ መለሰው፤ ፊልጶስን አጋዘው። ፊልጶስ ከአገር አገር ሲንከራተት በስደት አረፈ።

ገድለ ፊልጶስን ከሐይቁ ገድል የምለየው እዚህ ላይ ነው። ፊልጶስ ንጉሡን አያሸንፍም። ተአምር አለ፤ ገድል ነውና ይኖራል። ነገር ግን ተአምሩ ንጉሡን ከዙፋኑ አያወርደውም፤ ሚስቶቹን አያስፈታውም። በገድሉ መጨረሻ ንጉሡ በቦታው አለ፤ መነኩሴው ሞቷል። የሞተውን ሰው ነው የምናስታውሰው። ደራሲው ለዙፋኑ ደብተር አልያዘም፤ በንጉሡ ላይ ያለውን ቅሬታ ብቻ ጻፈ። ቅሬታ ደግሞ የማየት ኃይል ይሰጣል። ከሐይቁ ገድል ውስጥ ያጣሁትን ንጉሥ እዚህ አገኘሁት፤ ሲቆጣ፣ ሲያባብል፣ ቃል ሲሰጥ፣ ቃሉን ሲበላ።

ስለ አኖሬዎስ የሚነገረውንም ሳልጠቅስ አላልፍም። ንጉሡ አስገርፎት ደሙ መሬት ሲፈስ፣ ደሙ እሳት ሆኖ የንጉሡን ከተማ አቃጠለ ይላል ትውፊቱ። ተጠራጣሪ አንባቢ እዚህ ሲደርስ ድንኳኑን የለኮሰውን ሰው እጅ ይፈልጋል። ቁጡ ደቀ መዛሙርት በነበሩበት ሰፈር እሳት ለመነሣት ደም አያስፈልገውም። እኔም ጠርጥሬአለሁ። ነገር ግን እንደ ሥዕል ውሰዱት። የተገረፈ ሰው ደም የገራፊውን ቤት ሲበላው የሚያሳይ ሥዕል ከየት ይመጣል? ከተገረፉት ሰዎች ቤት ብቻ ነው።

ንጉሡ መነኮሳቱን የበተናቸው ወደ ትግራይ፣ ወደ ደንቢያና ቤጌምድር፣ እንዲሁም ወደ ደቡብ ዳር አገር ነው። ታደሰ ታምራት በጥሩ ሁኔታ እንዳሳዩት፣ ይኼ ግዞት ክርስትናን ባልደረሰበት አገር አደረሰው። ንጉሡ ሊያጠፋቸው ብሎ ዘራቸው።

ይኼ ወግ በፊልጶስ አላበቃም። በዐሥራ አምስተኛው መቶ ዘመን አባ እስጢፋኖስና ተከታዮቹ በዘርዐ ያዕቆብ ፊት ለሰው አንሰግድም ብለው የተቀበሉትን መከራ፣ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ «ደቂቀ እስጢፋኖስ በሕግ አምላክ» ብለው ወደ አማርኛ ስለመለሱት ግእዝ የማያውቅ አንባቢም ሊያገኘው ይችላል። ያ መጽሐፍ የፈጠረውን መነጋገሪያ የምናስታውስ እናስታውሳለን። እነ ፊልጶስም እንዲህ ያለ ተርጓሚ ይገባቸዋል፤ ሊቅም አማርኛም የሆነ ተርጓሚ። በየደብሩ ደጃፍ የሚሸጡት ትርጉሞች ለጸሎት ይጠቅማሉ፤ ለንባብ ግን ዐረፍተ ነገሩ ከግእዙ ጋር ታስሮ ስለሚጎተት ትንፋሽ ያሳጥራሉ።

መድረካችንስ? ጸጋዬ ገብረ መድኅን አቡነ ጴጥሮስን «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» ብሎ አቁሞልናል። አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በጥይት የተገደሉት ግን በባዕድ እጅ ነው። በባዕድ ፊት የቆመ ጳጳስ ለመድረክ ይቀላል፤ ተመልካቹ ሁሉ ከእሱ ጋር ነው። በገዛ ንጉሡ ፊት የቆመ መነኩሴ ያስቸግራል፤ ተመልካቹ ንጉሡንም ይወዳል። አቡነ ቴዎፍሎስን በ1968 ዓ.ም. አስሮ በ1971 ዓ.ም. የገደላቸው የገዛ አገራቸው መንግሥት ነው። ስለ እሳቸው ስንናገር ድምፃችን ዝቅ ይላል። ፊልጶስን በመድረክ ላይ አላየሁትም። ባየው የምመኘው ግን ሲገረፍ አይደለም። ሰይፈ አርዕድ ቃል ሲገባ የነበሩበትን ያንን ሰዓት ነው፤ ንጉሡ ከልቡ ቃል የገባ ሲመስል፣ መነኩሴውም ሊያምነው ሲፈልግ።

በጥር ለሠርግ ሲሪንቃ ተመልሼ ሄድሁ። ሁለቱ ሽማግሌዎች አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ቅያሜውን ላነሣ ብዬ ያነበብሁትን አወራኋቸው፤ በሐይቁ ነገር መሪጌታ እንደ ረቱ ተናገርሁ። መሪጌታ ደስ ብሏቸው ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ከዚያ የፊልጶስን ታሪክ ቀጠልሁ። ደብረ ሊባኖስ የሚሳለሙት ሰውዬ በጥሞና ሲሰሙ ቆይተው፣

«ታዲያ ንጉሡ መጨረሻ ላይ ሚስቶቹን ፈታ?» አሉኝ።

«ልጁ እፈታለሁ ብሎ ቃል ገብቶ ነበር።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ጳጳሱን ወደ ግብፅ ሰደደው።»

ሰውዬው ወደ መሪጌታ ዞሩ። «ይኼንንስ በሐይቅ አስተምረዋችኋል?»

መሪጌታ ቡናቸውን ፉት አሉና፣ «እኔ የተማርሁት ዜማ ነው» አሉ።